የጮኸ ሁሉ ባዶ በርሜል ነው ያለው ማነው?

በአገራችን የኪነ ጥበብ ተቺ ለመባል ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው ያላዩትን ፊልም መናቅ ነው። ሁለተኛው ለምን እንደናቁት ሲጠየቁ መነጽርን አውልቆ መጥረግ ነው። ከዚህ በላይ ምርምር አያስፈልግም! ፊልሙ «አክሽን» ከሆነ፣ ያውም ካርቱን ከሆነ፣ ያውም የጃፓን ካርቱን ከሆነ፣ ያውም የሌላ ካርቱን ተከታይ ከሆነማ ምኑ ይነገራል? ፍርዱ መዝገቡ ሳይከፈት ይሰጣል። «ጩኸት ነው፣ የልጅ ጨዋታ ነው!» ይባላል። በቃ። ይግባኝ የለም።

እኔ ግን ዛሬ ይግባኝ ልል ነው የተነሳሁት። ይግባኝ የምልለትም «ድራጎን ቦል ዜድ» ለተባለው ተከታታይ ፊልም ነው። ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። አኪራ ቶሪያማ የተባለ ጃፓናዊ ሠዓሊ «ድራጎን ቦል» የሚል በሥዕል የሚነገር ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1995 ድረስ «ሾነን ጃምፕ» በተሰኘ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ አወጣ። ተሰብስቦ 42 ጥራዝ ወጣው። ቶኤይ አኒሜሽን የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን ጥራዞች በ1986 ወደ ቴሌቪዥን አመጣቸው። ጎኩ የተባለ ጅራት ያለው የገጠር ልጅ፣ ምኞት የሚፈጽሙ ሰባት ኳሶች ፍለጋ ሲዞር የሚያሳይ፣ ሳቅ የበዛበት ነገር ነበር። በ1989 ደግሞ ያ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ተመለሰ። «ዜድ» የምትለዋ ፊደል የተጨመረችው ያኔ ነው። እስከ 1996 ድረስ 291 ክፍል ሄደ። ሳቁ ቀነሰ፣ ቡጢው በዛ። ተራራ በአንድ ክንድ ይናዳል፣ ፕላኔት በአንድ ጣት ይፈነዳል።

«ታዲያ ይሄ ምን ቁም ነገር አለው?» ነው ጥያቄው። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጠው። አንድን ነገር ቁም ነገር ብሎ ማየት ማለት ማጨብጨብ ማለት አይደለም። ማመስገንም መክሰስም የሚችለው ቁም ነገር ብሎ ያየ ሰው ብቻ ነው። «የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ግን ለበጎውም ለክፉውም እኩል የይለፍ ወረቀት ይሰጣል። በዚህ ፊልም ውስጥ ደግሞ ሊመሰገን የሚገባው በጎ ነገር አለ። እኛን ጥቁሮችን በቀጥታ የሚነካ፣ ሊከሰስ የሚገባው ክፉ ነገርም አለ። ሁለቱንም እናያለን።

ፉከራን የማያውቅ አገር ይመስል!

እስቲ ከጩኸቱ እንጀምር። እውነት ነው፣ ይጮኻሉ። ጎኩ ኃይሉን ሊሰበስብ ሲነሳ መሬት እስክትሰነጠቅ ያገሳል፤ ፀጉሩ ይቆማል፤ ጠላቱም እንደ እንግዳ ቆሞ ያየዋል። ተቺዎቻችን እዚህ ላይ ነው ከት ብለው የሚስቁት። «ለምን አይመታውም? ምን ቆሞ ያዳምጣል?» ይላሉ።

ኧረ እንዴ! ይሄን የሚጠይቀው የየት አገር ሰው ነው? ቀረርቶና ፉከራ ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ይጠይቃል? አያቶቻችን ጎራዴ እየነቀነቁ፣ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደዱ፣ የአባታቸውን ስም እየጠሩ፣ የጣሉትን እየቆጠሩ ሲፎክሩ ጊዜ እያባከኑ ነበር እንዴ? ፎካሪ ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተወለደ፣ ለምን እንደሚሞት ለወዳጅም ለጠላትም እያስታወቀ ነው። ማጋነን ውሸት አይደለም። ልክ የሌለውን ስሜት ልክ ባለው ቃል መናገር ሲያቅት የሚመጣ ቋንቋ ነው። ሙሾ አውራጇ «ሰማይ ተደፋ» ስትል የሜትሮሎጂ ማስረጃ አምጪ ያላት አለ?

ደግሞስ ጩኸቱ ሁሉ አንድ ነው ያለው ማነው? የጎኩ ድምፅ በጃፓንኛ የሴት ድምፅ ነው። በ1936 የተወለዱት ማሳኮ ኖዛዋ የተባሉ ተዋናይ አባትየውን ጎኩን ብቻ ሳይሆን ልጆቹን ጎሃንንና ጎተንንም በድምፃቸው ይጫወታሉ። ከአንድ ጉሮሮ የአባት ድፍረትም የልጅ ፍርሃትም ይወጣል። ልዩነቱን ያልሰማ ሰው ፊልሙን ከመክሰሱ በፊት ጆሮውን ያስመርምር።

ሁለተኛው ክስ መንዛዛቱ ነው። እዚህ ላይ አልከራከርም፤ ጥፋተኛ ነው! ፍሪዛ የሚባለው ጠላት ናሜክ የተባለችው ፕላኔት በ5 ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች ካለ በኋላ ያቺ 5 ደቂቃ ሳምንታት ትፈጃለች። ምክንያቱ ግን ድንቁርና ሳይሆን ንግድ ነው። ቶሪያማ በሳምንት ጥቂት ገጽ ይሥላል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ይሙሉልኝ ይላል። ፊልሙ ሠዓሊውን ከኋላው እየደረሰበት ሲያስቸግር፣ ወጡ እንዳያልቅ ውሃ እየጨመሩ ማቅረብ ተጀመረ። ባለቤቶቹ ራሳቸው ይህን አውቀው በ2009 «ድራጎን ቦል ካይ» በሚል ስም አሳጥረው ሲያወጡት፣ የመጀመሪያው 194 ክፍል ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ፍሬውን ፈልጎ ጊዜ ያጣ ሰው ካይን ይመልከት። ውሃ በዛበት ተብሎ ግን ሥጋው ከወጡ ጋር አይደፋም።

የመሬት ደላላው ፍሪዛ

ተከታይ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የገበያ ነገር ነው። የተሸጠውን እንደገና መሸጥ! «ዜድ» ግን ሲጀምር የሠራው ሌላ ነው፤ የመጀመሪያውን ታሪክ መሠረቱን ገለበጠው። ያ የምንወደው ጅራታም የገጠር ልጅ ለካስ ሳይያን ከሚባል የተዋጊ ዘር የመጣ ነው። ወደ ምድር የተላከውም ገና በጨቅላነቱ፣ አድጎ ሕዝቧን እንዲጨርስ ነበር። ወድቆ ጭንቅላቱን ባይመታና አንድ ደግ ሽማግሌ ባያሳድጉት ኖሮ ጀግናችን ጨፍጫፊያችን ይሆን ነበር። አሁን ወንድሙ መጥቶ «ዘርህን አስታውስ፣ ና አብረን እንግደል» ይለዋል። ጎኩ እምቢ ይላል።

ሰው ዘሩ ነው ወይስ አስተዳደጉና ምርጫው? ይህ ጥያቄ ለኛ አንባቢ ማብራሪያ ያስፈልገዋል?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሳይያኖች ልጅ ሲወለድ ኃይሉን ለክተው ደረጃ ይሰጡታል። ጎኩ ከታችኛው መደብ ነው። ቬጂታ ደግሞ ልዑል ነው፤ የዘር ሐረጉን ቆጥሮ አይጠግብም። ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት መሣሪያ የሰውን ኃይል በቁጥር ያነባል። ፊልሙ በዚህ መሣሪያ ላይ እንዴት እንደሚቀልድ ማየት ነው! ቁጥር አንብቦ ሰውን የናቀ ሁሉ በየተራ ይቀጣል። ምክንያቱም እነ ጎኩ ኃይላቸውን መደበቅ ተምረዋል። በቁጥር ያነሰው በሥልጠና ይበልጣል፤ «ዝቅተኛ ነህ» የተባለው ልዑሉን ላብ በላብ ያደርገዋል።

ከዚያ ፍሪዛ ይመጣል። ቀንድና ጅራት ያለው ጭራቅ ነው፤ አነጋገሩ ግን የትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ጨዋ፣ ለስላሳ፣ ይቅርታ ጠያቂ! ሥራው ምን መሰላችሁ? ወታደር ልኮ የፕላኔቱን ነዋሪ ያስጨርስና ባዶውን ፕላኔት ለሚከፍል ይሸጣል። ቶሪያማ ይህን ገጸ ባሕርይ የቀረጸው በጃፓን የመሬት ዋጋ እሳት በሆነበት በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ከነበሩት የመሬት ነጋዴዎች ተነስቶ እንደሆነና እነሱንም ከክፉዎች ሁሉ የከፉ አድርጎ ይቆጥራቸው እንደነበር ተናግሯል። ነዋሪውን አስነስቶ መሬቱን የሚሸጥ ደላላ ሰማይ ላይ ወጥቶ ፕላኔት ሲነግድ ማለት ነው። ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው? ትልልቆቹስ መቼ ደፍረው በዚህ ቋንቋ ተናገሩት?

የሳይያኖች መጨረሻ ደግሞ ለአድርባይ ሁሉ ትምህርት ነው። ለፍሪዛ ስንቱን ፕላኔት አፅድተው አስረከቡት። ውለታቸውን እንዴት ከፈላቸው? አንድ ቀን ከመካከላቸው የሚበልጠኝ ይወጣል ብሎ ፈራና ከነፕላኔታቸው አፈነዳቸው። ቬጂታ ይህን ሁሉ አውቆ፣ ዕድሜውን በሙሉ ያገለገለው ጌታው ደረቱን በስቶት መሬት ላይ ተዘርሮ፣ ሲንቀው በኖረው በጎኩ ፊት እያለቀሰ ይሞታል። እንዲያ ሲጮኽ የነበረው ፊልም እዚያች ቦታ ላይ ዝም ይላል። ጎኩም መቃብር ቆፍሮ ይቀብረዋል። ጩኸት ብቻ ነው ያሉን ሰዎች እዚህ አልደረሱም።

አባትም ይሳሳታል

ጎኩ ጀግና ስለሆነ ፊልሙ ሁሌ ያጨበጭብለታል የሚል ካለ ሴል ከሚባለው ጠላት ጋር የተደረገውን ፍልሚያ ይይ። ጎኩ የ11 ዓመት ግድም ልጁን ጎሃንን ለሴል አሳልፎ ይሰጠዋል። ልጁ ከእኔ ይበልጣል፣ ሲናደድ ኃይሉ ይወጣል ብሎ ነው። ይባስ ብሎ ለደከመው ጠላት ብርታት የምትሰጥ ባቄላ ይወረውርለታል፤ ፍልሚያው እኩል ይሁን ብሎ! ልጁ ግን መዋጋት አይወድም። መጽሐፍ የሚወድ፣ ገር ልጅ ነው።

ይህን ለአባትየው ፊት ለፊት የሚነግረው ማነው? ፒኮሎ ነው። የቀድሞ ጠላቱ! ጎሃንን በልጅነቱ ጠልፎ ወስዶ በበረሃ ያሠለጠነው፣ በኋላም ልጁን ለማዳን ሰውነቱን ጋሻ ያደረገው ያው ፒኮሎ። ልጅህ እንዳንተ ፍልሚያ አይወድም፣ አሁን እዚያ ቆሞ አባቴ ለምን አያድነኝም እያለ ነው፣ ብሎ ይገሥጸዋል። ጎኩ መልስ ያጣል። የወለደው ያላወቀውን ልጅ ያሳደገው አወቀው። ከአክሽን ፊልም ውስጥ ጀግናውን በዚህ መልክ ችሎት የሚያቆም ስንት አለ?

ድሉን የሰረቀው ሰውዬ

አሁን የምወደው ላይ ደረስኩ። ሚስተር ሳታን የሚባል ሰው አለ። ስሙን ሰምታችሁ እንዳታማትቡ፤ የመድረክ ስሙ ነው። የዓለም የትግል ሻምፒዮን ነው፤ ጢሙን ያሳደገ፣ ካሜራ የሚወድ፣ አፉ የማያርፍ። ሴል ፊት ሲቀርብ በአንድ ምት ተራራ ላይ ተለጠፈ። ጎሃን ሴልን ካጠፋ በኋላ ግን ሰውየው አቧራውን አራግፎ ተነሳና በቴሌቪዥን «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። ዓለምም አመነ! ከተማ በስሙ ተሰየመለት። ልጆች ጀግንነቱን እየሰሙ አደጉ። እውነተኛው ልጅ ቤቱ ገብቶ ትምህርቱን ቀጠለ፤ አባትየውም ሴልን ይዞ ሞቶ ነበር።

ድል የሠራው ሌላ፣ ድል የበላው ሌላ! በዚህ ርዕስ ላይ በዓለም ስንት ወፍራም መጽሐፍ ተጽፏል? ቶሪያማ በአንድ ጢማም ሰውዬ ጨረሰው።

ይበልጥ የሚገርመው ግን መጨረሻው ነው። ቡ የሚባለውን የመጨረሻ ጠላት ለማጥፋት የምድር ሕዝብ ሁሉ እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ ኃይሉን እንዲያበድር ይጠየቃል። ቬጂታ ይለምናል፤ ማንም አይሰማውም። ጎኩ ይለምናል፤ ያድነው የኖረው ሕዝብ «አንተ ደግሞ ማነህ?» ይለዋል። ያን ጊዜ ሚስተር ሳታን ይጮኻል። ሕዝቡ በአንዴ እጁን ያነሳል! ዓለም የዳነችው በውሸታሙ አንደበት ነው። እንግዲህ ምን እንበል? ውሸቱ ጠቀመ እንበል? ወይስ ሕዝብን እውነተኞቹን እንዳያውቅ ያደረገውን እንውቀስ? ፊልሙ መልሱን አያጎርሰንም። እዚያው ቡ ዘንድም ዓለምን ሊያጠፋ የመጣውን ፍጡር በቡጢ ሳይሆን በወዳጅነት አለዝቦት የነበረው ያው ፈሪ ሚስተር ሳታን ነው። ሰው አንድ ነገር ብቻ አይደለም ማለቱ ነው።

ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ጥያቄ

አሁን ክስ። ምስጋናውን የሰማ ክሱንም ይስማ።

ሚስተር ፖፖ የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ። ከሰማይ በላይ በተንሳፈፈ ቤተ መንግሥት የምድርን ጠባቂ አምላክ የሚያገለግል አሽከር ነው። መልኩ ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ ከንፈሩ ወፍራምና ቀይ፣ ዓይኑ ፈጣጣ፣ ራሱ ላይ ጥምጥም። ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በጥቁር ሲያላግጡበት የነበረውን የአሜሪካ መድረክ ያየ ሰው ይህ ሥዕል ከየት እንደመጣ ይጠፋዋል? እርግጥ ነው፣ ፖፖ ሞኝ ሆኖ አልተሣለም። በመጀመሪያው ተከታታይ ጎኩን እንደ ሕፃን የተጫወተበት፣ ያሠለጠነውም እሱ ነው። ቢሆንም አሽከር ነው፤ መልኩም ስድብ ነው። ሠዓሊውን ስለወደድን ይህን አንውጠውም።

አሜሪካኖች ምን አደረጉ? ከ2010 ጀምሮ ካይ ሲደብሊው በተባለው ጣቢያ የልጆች ፕሮግራም ላይ ሲተላለፍ ፖፖን ሰማያዊ ቀለም ቀቡት! ጉድ በሉ! ከንፈሩም አሽከርነቱም እንዳለ፣ ጥያቄውን ብቻ ቀለም ቀቡት። የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ እዚህ ያደርሳል። ጉዳዩን ቁም ነገር ብሎ የተከራከረ ሰው ሲጠፋ ቀለም ቀቢው ይፈርዳል። ይህን እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅልናል? ዲሽ በየጣሪያው ከተተከለ ወዲህ ስንት የአዲስ አበባ ልጅ ከዓረብ ጣቢያዎች ላይ ካርቱን፣ ቋንቋውን ሳይሰማ፣ በሥዕሉ ብቻ እየተመራ ሲያይ አደገ! ቋንቋ ለማይሰማ ልጅ ደግሞ ሥዕሉ ነው ሁሉም ነገር።

ሌላም አለ። ጎኩን ያገባችው ቺቺ በመጀመሪያው ታሪክ በዓለም ውድድር ላይ የተፋለመች ተዋጊ ነበረች፤ «ዜድ» ኩሽና አስገብቶ ነዝናዛ አደረጋት። ሞትም ረከሰ። ኳሶቹ ሰባት ሲሞሉ ሙታን ይነሳሉ፤ ተመልካቹም ማልቀስ ይተዋል። ደግነቱ ፊልሙ ራሱ ይህን የሚያርምበት ጊዜ አለ። ቬጂታ በክፉ መንፈስ ኃይል ታግዞ ንጹሐን ተመልካቾችን ከፈጀ በኋላ ሊሠዋ ሲነሳ፣ ከሕፃንነቱ ወዲህ አቅፎት የማያውቀውን ልጁን ያቅፋል። ከሞት በኋላ ጎኩን አገኘው ይሆን ብሎ ሲጠይቅም ፒኮሎ እውነቱን ሳይደብቅ፣ ንጹሐንን ገድለሃልና አታገኘውም ይለዋል። በአንድ መልካም ሥራ የብዙ ሰው ደም አይታጠብም። ይህን የሚያህል ፍርድ ከካርቱን ሰምቻለሁ ስል አላፍርም።

ሳያዩ የፈረዱት

የንቀት ታሪክ ከኛ አልጀመረም። በፈረንሳይ የጃፓን ካርቱኖች «ክለብ ዶሮቴ» በተባለ የልጆች ፕሮግራም ጎርፈው ሲገቡ፣ በኋላ በ2007 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሴጎሌን ሮያል በ1989 የልጆችን ቴሌቪዥን የሚያወግዝ መጽሐፍ አወጡ፤ የጃፓን ካርቱኖችም ዱላው አረፈባቸው። ሠላሳ ዓመት አለፈ። በ2019 ያው የፈረንሳይ መንግሥት ለቶሪያማ የኪነ ጥበብና ሥነ ጽሑፍ ኒሻን ሰጠው። በመጋቢት 2024 የሞቱ ዜና ሲሰማም ፕሬዚዳንት ማክሮን ሠዓሊው የፈረመበትን ሥዕል አውጥተው አዘኑለት።

አሜሪካኖች ደግሞ በ1996 ፊልሙን ሲያስገቡ በመቀስ ገቡበት። 67ቱን ክፍል ቆራርጠው 53 አደረጉት። የሞተው ሰው «ወደ ሌላ ዓለም ተላከ» ተባለ። የሲኦል ዘበኞች ደረት ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን «ሲኦል» የሚል ቃል ፊደሎቹን ሸራርፈው «የዘላለም ተሸናፊዎች ቤት» የሚል ምሕጻረ ቃል አስመሰሉት! ወይ ሳንሱር! ሲኦልን ከፊልም መፋቅ ይቻላል፤ ልጁ ግን ሰው ሲሞት ምን ማለት እንደሆነ ሳይማር ቡጢውን ብቻ ይማራል። ጉዳት እንዳይደርስበት ተብሎ ጉዳት የሌለው ጦርነት አሳዩት። ከዚህ የባሰ ጉዳት አለ?

እንግዲህ ወላጅም ተቺም ይስማኝ። ፊልሙ የታዘዘ መድኃኒት አይደለም፤ ደም አለበት፣ ለጨቅላ ልጅ አይሆንም። ዕድሜው የደረሰው ልጃችሁ ሲያየው ግን አጠገቡ ተቀመጡ። ፍሪዛ ሲመጣ ይህ ሰውዬ ሥራው ምንድነው ብላችሁ ጠይቁት። ሚስተር ሳታን ሲያወራ ማን እንደገደለ ጠይቁት። ፖፖ ብቅ ሲል ደግሞ ለምን እንዲህ ተሣለ ብላችሁ ጠይቁት። ሦስቱን የመለሰ ልጅ የቤት ሥራውን ሠርቷል።

ያላዩትን የሚንቁትም እንዲሁ ገብተው ይዩና ይፍረዱ። ያኔ ይክሰሱ፣ እኔም አብሬ እከሳለሁ። እስከዚያው ግን ባዶ በርሜል የሚጮኸው ስክሪኑ ውስጥ ነው ወይስ ስክሪኑ ፊት ለፊት፣ ልብ ያለው ልብ ይበል!